እንደ አማች የተጣሩት ኮሌጆች

መርሳ ውስጥ ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ አብዱልሐሊምን ያከብራቸዋል፤ ወንድ ልጅ ያለው ደግሞ ይፈራቸዋል። ሽማግሌ ሲላክበት አባት «እስቲ እንማከርበት» ብሎ የሚያሰናብተው ለወጉ ይመስላችኋል? አይምሰላችሁ። በዚያ መሃል አብዱልሐሊም ከዘራቸውን ይዘው ስለ ልጁ ሊያጣሩ ይወጣሉ። ከውርጌሳ እስከ ሐራ ያልረገጡት ደጅ የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይልካቸዋል። ዘሩን ይቆጥራሉ፣ ጎረቤቱን ያዋያሉ፣ አግብቶ የፈታ እንደሆነም የፈታትን ሴት ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። አንዴ ድንኳን የተተከለለትን ሰርግ «ልጁ በሬውን ፊቱ ላይ ሲመታው አየሁ» ብለው አስቀሩ። አገሩ ተቆጣ። ልጁ ሌላ አገባና በዓመቱ እጇን ሰበራት። ከዚያ ወዲህ ቃላቸው ፍርድ ሆነ።

እንግዲህ ኮሌጅ ልግባ ያለችው የእኚህ ሰውዬ ልጅ ናት።

ቡርቱካን ትባላለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ነገሩ የመጣው ከጦርነቱ ጋር ነው። ዓምና ነሐሴ ላይ ጦሩ መርሳ ሲገባ አባት፣ እናትና ልጅ ወደ ገጠር ሸሹ። እናቷ ዓቢዳ ስኳር ነበረባት። መንገዱ ተዘጋ፣ መድኃኒቱ አለቀ፣ በጥቅምት ሞተች። ታኅሣሥ ላይ አባትና ልጅ ሲመለሱ ቤታቸው ተጠርጎ ጠበቃቸው፤ አልጋው የለ፣ ቁም ሳጥኑ የለ፣ አምፖሉ እንኳ ተነቅሏል። የቀረው ሦስት ባዶ የጥይት ሣጥን ብቻ ነበር፤ እሱም የነሱ አይደለም።

አብዱልሐሊም ሁለት ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ቡርቱካን ግን መቀመጥ አትችልበትም። ሁለቱን ሣጥን ገጥማ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነችና ጭድ ጠቅጥቃ መደብ አደረገችው፤ ሦስተኛውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ መደርደሪያ አለችው፤ የተሰበረውን መስታወት ስባሪ ከመስኮቱ ትይዩ ጭቃ ላይ ለጠፈችና ጨለማው ክፍል ብርሃን ገባው። ጎረቤት ሊያለቅስ መጥቶ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ። በማግስቱ አንዷ «ነይማ የኔንም እይልኝ» አለቻት። እስከ ሚያዝያ ድረስ አስራ አንድ የተዘረፈ ቤት ቀጥ አደረገች። ስም ያለው ሙያ እንደሆነ የነገረቻት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ መስከረም ናት። «ኢንቴሪየር ዲዛይን ይባላል፤ ኮሌጅ አለው፤ አንቺ በነፃ የምትሠሪውን ሰው ተምሮት ይበላበታል» አለቻት።

አባቷ ነገሩን ሲሰሙ እንደ ሌላ ጊዜ አልተቆጡም።

«ቤት ማሳመር ነው? መልካም። ተማሪ» አሉ። «ግን ከክልላችን አትወጪም። በክልላችን ያሉትንም እኔ ሳላጣራ አልሰጥሽም።»

«አባ፣ ኮሌጅ እኮ ነው፤ ባል አይደለም።»

«ልጄን ወስዶ የሚያስቀምጥ ሁሉ ለኔ አንድ ነው» አሉና ነገሩ አለቀ።

ጠያይቃ ሦስት አገኘች፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ወልድያ። ምዝገባው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። የልቧን ልንገራችሁ፤ ቡርቱካን የምትፈልገው ወልድያን ነው። ከሦስቱ ስለሚበልጥ እንዳይመስላችሁ፤ ስለሚቀርብ ነው። ከመርሳ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። አርብ ማታ መጥታ፣ ቅዳሜን ከአባቷ ጋር ውላ፣ የሳምንት ወጣቸውን ሠርታ መመለስ ትችላለች። አብዱልሐሊም ግፊት አለባቸው፤ ከዓቢዳ ሞት ወዲህ ደግሞ ቡርቱካን ራሳቸው ላይ ካልቆመች ኪኒን አይውጡም። «እውጠዋለሁ» ብለው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ልብስ ስታጥብ ሟሙቶ ታገኘዋለች። እናቷ መድኃኒት አጥታ ሞተች፤ አባቷ መድኃኒት ኪሳቸው እያለ ቢሞቱ እንዴት ትችለዋለች? ይህን ግን በአፏ ልታወጣው አትችልም። «ለእርስዎ ስል ልቅረብ» ብትላቸው «እኔ ሽባ ነኝ?» ብለው በንጋታው አሶሳ ድረስ ቢሆን ይሸኟታል።

ስለዚህ ወደ ተንኮል ዞረች።

አባቷ በማጣራት ሥራቸው አንድ ሕግ አላቸው፤ ልጅቱ ያመሰገነችውን ሁለት ጊዜ አጣራ፣ የሰደበችውን አንድ ጊዜ። የወደደ ዓይን አያይም ይላሉ። ቡርቱካን ይህን ሕግ ከጡት ጋር የጠባችው ናት። እንግዲያው የምትጠላውን ማመስገን፣ የምትወደውን መስደብ ነው። ሥራው እንዲህ ቀላል መሰላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቁርስም በእራትም ባሕር ዳር ሆነ። «አባ፣ የባሕር ዳሩ ሐይቅ ዳር ነው አሉ። ዘንባባ ብቻ ነው አሉ። ወላሂ ሌላውን ባላየው ደስ ይለኛል።» ለደሴም ሳትነፍግ ትንሽ ትንሽ ትጥልለታለች። ወልድያ ሲነሳ ግን ፊቷን ታጨማድዳለች። «ኡፍ፣ እሱን ተዉት! ክፍሉ ጠባብ፣ አግዳሚው አስራ ስምንት፣ አንዱ ደግሞ እግሩ የወለቀ። ወረቀት አጥተው በካርቶን ጀርባ ነው የሚስሉት አሉ።»

«እህ» ይላሉ አብዱልሐሊም ጺማቸውን እያሹ።

መጀመሪያ ባሕር ዳር ተጣራ። አብዱልሐሊም ከአብሮ አደጋቸው ከሞገስ ጋር ግቢያቸው ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ስልክ ደወሉ። ጋሽ ሞገስ የእሳቸው ቀኝ እጅ ናቸው፤ ክርስቲያን ቤት ሲጣራ እሳቸው ይቀድማሉ፣ እስላም ቤት ሲሆን አብዱልሐሊም። ቡርቱካን ውስጥ ሆና ጆሮዋን ብታቆም ምንም አልሰማችም። ሲገቡ ግን አባቷ ጉዱን ዘረገፉት። «ግቢው እርጥበት አለው፤ ትንኝ ነው። ዋናው መምህር ሦስት ሚስት ፈትቷል። ዘበኛው ያስነጥሰዋል፤ ሳያቋርጥ ያስነጥሰዋል።» ቡርቱካን አዝና ታየች፤ ውስጧ ግን እልል አለች።

ቀጥሎ ደሴ። ሰኞ ጠዋት ለማንም ሳይናገሩ ሄዱ፤ ማታ አቧራቸውን እያራገፉ ተመለሱ። «ቤት ማስተካከል የሚያስተምረው ሰውዬ የራሱ ቢሮ በር ሲከፈት ጠረጴዛውን ይመታል» አሉ። «እኔ ስገባ መታው፤ ስወጣም መታው። እሱ ግን እንደ ሰላምታ ለምዶታል።» በደጁ ሻይ የምትሸጠውን ሴት፣ ጫማ ጠራጊውን፣ ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ ሁሉ አናግረዋል። ምን እንደጠየቋቸው አልተናገሩም። ቡርቱካንም አልጠየቀችም፤ አንዱ ወደቀ፣ ሁለተኛው ወደቀ፣ የቀረው አንድ ነው። እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

ለወልድያው ግን «አንቺም ትሄጃለሽ፤ ልጅቱ ፊት ሲቆም ልጁን ማየት ጥሩ ነው» አሏት። ጋሽ ሞገስም ተጨመሩ። ሦስቱ በሚኒባስ ወልድያ ወርደው በባጃጅ ኮሌጁ ደጃፍ ደረሱ። የተቀበሏቸው መምህርት ሸዋዬ ነበሩ፤ ደርበብ ያሉ፣ ነጭ ጋዋናቸው በቀለም የተዥጎረጎረ ሴት። ኮሌጁም እንደ ሰዉ ቤት ተዘርፏል፤ ኮምፒውተር የነበረበት ጠረጴዛ ላይ የኮምፒውተሮቹ ምልክት ብቻ በአቧራ መሃል ቀርቷል።

አብዱልሐሊም ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ። ይህ አቀማመጥ ሲመጣ የአገሩ ወንድ ሁሉ ላብ ያልበዋል።

«ከዚህ በፊት የፈታችኋቸው ስንት ናቸው?» አሉ።

መምህርት ሸዋዬ ግራ ገብቷቸው ሞገስን አዩ። ሞገስ ጎንበስ ብለው «ትምህርቱን ጥለው የሄዱ ለማለት ነው» አሉ።

«እ! ሁለት ናቸው» አሉ መምህርቷ፣ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው። «አንዷ ዓረብ አገር ሄደች፣ አንዷ ወለደች። በሰላም ነው የተለያየነው፤ ሁለቱም ለበዓል ይደውላሉ።»

አብዱልሐሊም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲቆጡስ?»

«ስቆጣ ዝም እላለሁ።»

«ከዝምታው በኋላስ?»

«በድጋሚ ሥሩት እላለሁ።»

ቡርቱካን አንገቷን ደፍታ ፈገግታዋን ዋጠች። እንዲህ የመለሰ አማች በሃያ ዓመት ውስጥ አልታየም። ግን ሥራዋን መዘንጋት የለባትም፤ ከንፈሯን ጣለችና «ክፍሉ ግን ይጨንቃል» አለች።

መምህርት ሸዋዬ አልተቀየሙም። «ይጨንቃል፤ እውነትሽን ነው። እስቲ እንዳይጨንቅ አድርጊው» ብለው ወደ ጎን ክፍል አስገቧት። አንድ አግዳሚ፣ አንድ ምንጣፍ፣ ሁለት በርጩማና አንድ መስኮት አለ። «እንግዳ ይመጣብሻል እንበል።»

የዚያች ልጅ አፍና እጅ ሁለት ሰው መሆናቸው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። አፏ «እዚህ ምን ይሠራል፣ ምንም አይሠራም፣ መስኮቱም ያለቦታው ነው» እያለ ያማርራል። እጇ ግን አግዳሚውን ከግድግዳው ስንዝር አራቀችው፤ ምንጣፉን ቀጥ አድርጋ ሳይሆን ሰያፍ አነጠፈችው፤ አንዱን በርጩማ መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ የሚቀመጥበት ሰው የሚገባውንም ደጁንም እንዲያይ አደረገችው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ራሷን ዘንበል አደረገች። ክፍሉ በግማሽ የሰፋ መሰለ። አፏ አሁንም እያማረረ ነው። አብዱልሐሊም በሩ ላይ ቆመው አፏን አልሰሙም፤ እጇን ብቻ ነበር የሚያዩት።

ሲወጡ አባቷ መምህርቷን ለብቻ ጎተት አድርገው አንድ ነገር ጠየቋቸው። መምህርት ሸዋዬ ፈገግታቸው ጠፋና ወደ ሰሜን፣ ወደ ጋራው በእጃቸው አሳዩ። ቡርቱካን የተማሪዎቹን መኝታ ቤት የሚያሳዩ መሰላት። መንገዱን በሙሉ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየች ደስታዋን ደበቀች። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባላል፤ እሷ ግን ሁለተኛው ብልጥ አጠገቧ እንደተቀመጠ ረሳች።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ፍርድ ሆነ። ለማንኛውም ልጅ እንደሚደረገው ሁሉ ለቡርቱካንም በወጉ ተደረገ። ጋሽ ሞገስ ምስክር ሆነው የጥይት ሣጥኑ መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ቡርቱካን እንደ ሙሽራ ነጠላዋን አሳምራ ፊታቸው ቆመች። እንደዚያ ሆና ለመቆም ሳቋን ስንት ጊዜ እንደዋጠችው እሷ ናት የምታውቀው።

«ቢስሚላሂ» አሉ አብዱልሐሊም። «ሦስቱንም አጣርቻለሁ። ልጄን የምሰጠው ለባሕር ዳር ነው።»

ቡርቱካን የሰማችውን አላመነችም። «ለማን?»

«ለባሕር ዳር። ሁለት ወር ሙሉ ዘንባባ፣ ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ ዘንባባ ስትይ አልነበር? ልጅቱም ወደደች፣ አባቷም ፈቀደ። አልሐምዱሊላህ።»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ያሉት ለዚህ ነው። ቡርቱካን ነጠላዋ ከራሷ ወረደ። «ዋናው መምህር ሦስት ሚስት ፈትቷል ብለው አልነበር?»

«አራተኛዋን እስኪፈታ ትጨርሻለሽ።»

«ትንኙስ?»

«አጎበር ይገዛል።»

«አባ፣ አንቱ በጉድለት ያሰናበቱት ሰው ቢቆጠር መርሳን ይሞላል! በሬ መታ ብለው ሰርግ ያፈረሱ ሰው ነዎት፤ ለዚህ ጊዜ አጎበር ይገዛል?» ከዚህ ወዲያ መደበቅ አልተቻላትም። «እኔ የምፈልገው ወልድያን ነው። ከመጀመሪያውም ወልድያን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አብዱልሐሊም በእርጋታ። «አግዳሚው አስራ ስምንት ነው ብለሽ የለ? ሰው ያልሄደበትን ቤት አግዳሚ አይቆጥርም። ተደብቀሽ ሄደሽ አይተሽዋል። ልጅቱ አብዝታ የሰደበችው ሰው ቤት ምን እንደሚበላ ሁሉ ታውቃለች፤ ይህን ከአርባ ሰርግ ነው የተማርኩት።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን?»

«አንቺ ለምን ወልድያ?»

እንደፈራችው ሆነ። ግን ተናገረችው። «ኪኒንዎን ስለማይውጡ ነው። ኪስዎን እኔ ነኝ የማጥብ፣ አባ። እማዬን ቀብሬ መጣሁ፤ አንቱን ትቼ ባሕር ዳር ሄጄ ዘንባባ ሥር ልቀመጥ? አርብ አርብ እየመጣሁ ላይዎት ነበር።»

ሞገስ ዓይናቸውን ወደ ጣራው አነሱ። አብዱልሐሊም ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ቡርቱካን ግን የአባቷ ልጅ ናትና እያለቀሰችም ቢሆን የተከፈተ በር አታልፍም።

«እሺ፣ ይሁን። ስለ ባሕር ዳር ማን ነገረዎት? የአንድ ሰው ስም ይጥሩልኝ። አንቱ ‹ነጋሪ የሌለው ወሬ አይቆጠርም› አይደል የሚሉት?»

ሞገስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ዝም በል» አሏቸው አብዱልሐሊም።

«አብዱ፣ ምስክር ብለህ አስቀምጠኸኝ እንዴት ዝም ልበል?» አሉ ሞገስ፤ ወደ ቡርቱካንም ዞሩ። «በማርያም እውነቱን ልንገርሽ ልጄ። የደወለው ለይታገሱ ነው፤ እህል ወደ ባሕር ዳር የሚጭነውን ሹፌር ታውቂው የለ? አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። ‹ጦሩ ባሕር ዳር ገብቶ ነበር?› አለው። ‹አልገባም› አለው። ስልኩን ዘጋው። ያ ሦስት ሚስት የፈታው መምህር፣ የሚያስነጥሰው ዘበኛ፣ ማንጎው ሥር ቁጭ ብሎ የፈጠራቸው ናቸው። እኔም ትንኙን ጨመርኩለት። ደሴም ሄዶ ሻይ ሻጯን የጠየቃት ስለ ኮሌጁ እንዳይመስልሽ። ‹ሲገቡ በየት ሸሻችሁ?› ነው ያላት። ሸዋዬን ደግሞ ‹በየት ገቡ?› ነው ያላት፤ እሷም የቆቦን መንገድ አሳየችው።»

ቡርቱካን አባቷን አየች። ዘር ሳይቆጥሩ፣ ጎረቤት ሳይጠይቁ፣ ደጁን ሳያዩ ሴት ልጅ ሰጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ደሴ ተገብቷል» አሉ አብዱልሐሊም፣ መሬት መሬት እያዩ። «ወልድያ ተገብቷል። ቆቦ በኩል አሁንም የሚወራው ጥሩ አይደለም። እናትሽ የሞተችው በሽታው ብሶ አይደለም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነው። መድኃኒቱ ደሴ ነበር፤ እኔ ግን መሃል ላይ ቆሜ እጄን አጣምሬ አየኋት። አንቺን መንገድ ሊዘጋበት በሚችል አገር አላስቀምጥም። ፈራሁ ልጄ። ሌላ ነገር ለማጣራት ሐሳቡም አልነበረኝም።»

መርሳ ውስጥ ፈራሁ ሲሉ የሰማቸው ሰው የለም። ሞገስ ራሳቸው እንደ አዲስ ሰው አዩዋቸው።

ቡርቱካን አሸንፋ ነበር፤ ይህን ሦስቱም ያውቁታል። ሳይጣራ አይሰጥም የሚለውን ሕግ ያወጡት አባቷ ናቸው፤ ምስክሩ ተቀምጠዋል፤ ያልተጣራ ፍርድ ደግሞ ይፈርሳል። አንድ ቃል ብትተነፍስ ወልድያ የእሷ ነው፤ አርብ አርብም የእሷ ነው። አብዱልሐሊምም ያቺን ቃል እየጠበቁ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር።

የወጉ መጨረሻ የልጅቱ ቃል ነውና፣ ሞገስ ከመደቡ ተነስተው ለስንቷ ሙሽራ የጠየቁትን ለቡርቱካንም ጠየቁ።

«ልጄ፣ በአባትሽና በእኔ ፊት ተናገሪ። የምትሄጂበት ቤት በሚገባ ተጣርቶልሻል?»

ቡርቱካን ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ራሷ ላይ መለሰች።

«ተጣርቶልኛል» አለች።

ውሸቷን እንደሆነ ሦስቱም ያውቁ ነበር። የአገሩን ውሸት ሁሉ ሲይዙ የኖሩት አብዱልሐሊም ግን ይቺን አልያዟትም፤ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።